አራስ ልጅ ቆዳ ላይ የማይጠፋ ሐምራዊ መረብ (ሲኤምቲሲ)፦ መጠበቅ፣ ማስመርመር፣ ሌዘር ወይስ መድኃኒት? የትኛው ለማን ይሆናል

ልጅ ተወልዶ ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ እግሩ ወይ ክንዱ ወይ ግማሽ ሆዱ ላይ ሐምራዊ መረብ የመሰለ ነገር ሲታይ መጀመሪያ የሚባለው "በርዶት ነው፣ ሸፈን አርጉት" ነው። ሳምንት አልፎ ሳይጠፋ ሲቀር ደሞ ምክሩ ይጎርፋል፣ ጎረቤት ቅቤ ቀቡት ትላለች፣ አክስት ማርያም የሳመችው ነው እንዳትነኩት ትላለች፣ ፋርማሲ ያለው ልጅ ክሬም ያወጣል፣ ቴሌግራም ላይ አንዷ እናት "የኔ ልጅ በፕሮፕራኖሎል ጠፍቶለታል" ብላ ትጽፋለች፣ የሆነ ክሊኒክ ደሞ ሌዘር እንጀምር ይላል። ሁሉም ለልጁ አስበው ነው። ችግሩ ስለተለያየ ምልክት እያወሩ መሆኑ ላይ ነው፣ ለአንዱ ፍቱን የሆነው ለሌላው ምንም አያደርግም፣ አንዳንዴም ይጎዳል።

የኔ ሴት ልጅ በዚ ምልክት ነው የተወለደችው፣ ግራ እግሯ ሙሉ እና የሆዷ ግራ ጎን። መረቡ እምብርቷ ጋ ሲደርስ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በቀኝ በኩል አንድም መስመር የለም። ስታለቅስ ይጠቁራል፣ ገላዋን ስትታጠብ ይጠቁራል፣ ስትተኛ ይደበዝዛል ግን አይጠፋም። ስሙ ኩቲስ ማርሞራታ ቴላንጂኤክታቲካ ኮንጀኒታ ነው፣ ሐኪሞቹ ባጭሩ ሲኤምቲሲ ይሉታል። መጀመሪያ የገለጸችው ካቶ ቫን ሎሁይዘን የምትባል የኔዘርላንድ ሐኪም ናት፣ በፈረንጆች 1922። ከዛ ወዲህ በሕክምና መጽሔቶች የተመዘገበው በመቶዎች የሚቆጠር ልጅ ብቻ ነው፣ ስለዚ የሰፈራችሁ ሐኪም አይቶት ባያውቅ አትፍረዱበት።

ይሄን የምጽፈው ምርጫው ግራ ለገባው ወላጅ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ምርመራን አይተካም፣ ግን ሐኪም ጋ ስትገቡ ምን እንደምትጠይቁና ብራችሁን መጀመሪያ የት ላይ እንደምታውሉት ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

በቅድሚያ፦ በእርግጥ እሱ ነው ወይ?

አማራጮቹን ከማወዳደር በፊት ይሄ ካልተለየ ሁሉም ነገር ይበላሻል። እርስ በርስ የሚምታቱት አራት ናቸው።

አንደኛው ተራ የብርድ መረብ ነው። ጤነኛ አራስ ሲበርደው ቆዳው መረብ መረብ ይላል፣ ሲሞቅ ድራሹ ይጠፋል። መለየት ቀላል ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ስታሞቁት በደንብ ሞቆት እያለ ቆዳውን እዩት። ሙሉ በሙሉ ከጠፋ አበቃ፣ ምንም አያስፈልግም። ከቀረ ግን ቀጥሉ። በሙቅ ውሃ ጠርሙስ ወይ በእሳት ለማሞቅ እንዳትሞክሩ፣ የአራስ ቆዳ በትንሽ ነገር ይቃጠላል።

ሁለተኛው ፖርት ዋይን ስቴይን የሚባለው ነው። ይሄም ሲወለድ ጀምሮ ያለ ነው ግን አብዛኛውን ጊዜ መረብ አይሰራም፣ እንደ ወይን ጠጅ የፈሰሰበት ወጥ ቀለም ነው፣ በራሱም አይጠፋም፣ እንደውም ከዕድሜ ጋር ይጠቁራል። ከሺ ልጅ ሦስት ገደማ ላይ ይታያል፣ ስለዚ ከኛው በጣም የበዛ ነው። ሌዘር ሠራለት ሲባል የምትሰሙት በብዛት የዚ ነው።

ሦስተኛው ሄማንጂዮማ ነው። ሲወለድ አይታይም ወይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ትሆናለች፣ ከዛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ያድጋል፣ ያብጣል፣ ቀይ እንጆሪ ይመስላል። ፕሮፕራኖሎል የሚሠራው ለዚ ነው።

አራተኛው የኛው ሲኤምቲሲ ነው፦ ሲወለድ ጀምሮ ያለ፣ መረብ የሚሠራ፣ ሲሞቅ የማይጠፋ፣ የማያብጥ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ የሚይዝ፣ አንዳንዴ መስመሮቹ ላይ ቆዳው ሳሳ ብሎ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ። ሐኪሞች የሚለዩትም በማየት ነው፣ ደም ምርመራ ወይ ቆዳ መቁረጥ ብዙም አይጠቅምም፣ ስለዚ ባዮፕሲ ካልተሠራ ማወቅ አይቻልም የሚል ካጋጠማችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

እዚ ጋ ስለኛ ቆዳ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ ምክንያቱም ማንም አይነግራችሁም። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ፎቶ አብዛኛው የነጭ ልጆች ነው፣ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። የኛ ልጆች ሲወለዱ ቀላ ብለው ነው፣ ከዛ በወራት ውስጥ የራሳቸውን መልክ ይይዛሉ፣ መረቡም ከሐምራዊነት ወደ ቡናማና ወደ አመድማ ይሄዳል። ስለዚ ሁለት ስህተት ይመጣል፦ ወይ "ፎቶው ላይ ያለውን አይመስልም፣ እሱ አይደለም" ይባላል፣ ወይ ቆዳው ራሱ ስለጠየመ መረቡ የጠፋ ይመስላል። በቀለም ብቻ አትፍረዱ፣ በጥሩ የቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከተመሳሳይ ርቀት ፎቶ አንሱ።

ሌላው እናቶችን የሚያሳምመው ጥያቄ "እኔ ምን አርጌ ነው" የሚለው ነው። በእርግዝና አምሮት ስላልተሟላላት፣ ስለደነገጠች፣ መድኃኒት ስለወሰደች የሚለውን ተዉት። አንዳንድ ልጆች ላይ የተገኘው ጂኤንኤ 11 የሚባል ጂን ላይ ከጽንስ በኋላ፣ የሰውነት ክፍል እየተሠራ እያለ፣ በአንድ ቦታ ብቻ የመጣ ለውጥ ነው። ለዛም ነው አንድ እግር ብቻ የሚይዘው፣ ለዛም ነው ቀጣዩ ልጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማይደገመው።

በምን እንለካቸው?

አማራጮቹን ሳወዳድር የተጠቀምኩባቸው መለኪያዎች እነዚ ናቸው። አንድ፣ የሚጠብቀው ምንድነው፣ መልክን ነው ወይስ ዓይንን፣ እግርን፣ ሕይወትን? ሁለት፣ ለዚ ዓይነት ምልክት በእርግጥ ይሠራል ወይ? ሦስት፣ በሕፃን እና በጠይም ቆዳ ላይ ምን ጉዳት አለው? አራት፣ መቆየት ይችላል ወይ፣ ዛሬ ባይሆን የሚያመልጠን ነገር አለ? አምስት፣ ወጪው፣ ርቀቱ፣ ስንት ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል?

ለኔ ከባዶቹ አንደኛውና አራተኛው ናቸው። መልክ መቆየት ይችላል፣ የዓይን ግፊት መቆየት አይችልም። ይቺን ከያዛችሁ ከታች ያለው ሁሉ በራሱ ይደረደራል።

አማራጭ 1፦ ዝም ብሎ መተው

ብዙ ቤተሰብ የሚመርጠው ይሄን ነው፣ ግማሽ እውነትም አለው። ብዙ ልጆች ላይ መረቡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ከዛም በኋላ ይቀጥላል፣ አንዳንዶች ላይ ለማየት እስኪያስቸግር ድረስ። ግን መደብዘዙ ሌላውን አይነግራችሁም። እግር ቀጥኖ የሚቀር ልጅ አለ፣ ፊት ላይ ሲሆን ደሞ የዓይን ግፊት ማለትም ግላኮማ ያለበት አለ፣ መስመሩ ላይ ቆዳው ቆስሎ የሚቸገር አለ። ወጪው ዜሮ ነው፣ ያመለጠ ነገር ካለ ግን ዋጋው ከባድ ነው። አልመክርም።

አማራጭ 2፦ እየለኩ መጠበቅ

ይሄ ከመተው ጋር አንድ ይመስላል ግን አይደለም። የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ስልክና ደብተር ነው፣ በቃ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጁን በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን ቀስ ብላችሁ ዘርጉ፣ ከጉልበቱ ሎሚ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አርጉ፣ እዛ ጋ ጭኑን ዙሪያውን ለኩ፣ ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫን። ከሎሚው 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ባቱንም እንደዛው። ከዛ ሌላኛውን እግር በተመሳሳይ ነጥብ ላይ። ክንድ ከሆነ ከክርን ወደ ላይና ወደ ታች። ሁለቱንም ጎን ጎን ጻፉ፣ ቀን አስቀምጡ፣ ፎቶ አንሱ። የኔ ልጅ ስትለካ አስቸጋሪ ስለነበረች እየጠባች ነበር የምለካት፣ ያኔ እግሯ ይላላል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይለካ፣ ዛሬ እናት ነገ አባት ከሆነ ልዩነቱ ከለኪው ይሁን ከእግሩ አይታወቅም።

መቼ መቼ? የክትባት ቀኖቹን ተጠቀሙ፦ 6ኛ፣ 10ኛ፣ 14ኛ ሳምንት፣ 9ኛ ወር፣ 15ኛ ወር። ጤና ጣቢያ መሄዳችሁ አይቀርም፣ እዛው ጭንቅላቱንም ዙሪያውን አስለኩ፣ ካርዱ ላይ ይጻፍላችሁ። የጭንቅላት ልክ ለምን? ቆዳቸው ላይ መረብ መሳይ ምልክት ያለባቸው ግን ጭንቅላታቸው ከመጠን በላይ ቶሎ የሚያድግ ልጆች አሉ፣ የላይኛው ከንፈራቸው መሐል ላይ ቀይ ምልክት፣ የእግር ጣታቸው ሁለተኛውና ሦስተኛው የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ድሮ ከዚ ጋር ይቀላቅሉት ነበር፣ ከፈረንጆች 2007 ወዲህ ሐኪሞች ለይተው ሌላ ስም ሰጥተውታል። የአንጎል ክትትል ስለሚፈልግ በጊዜ መታወቅ አለበት።

በሲኤምቲሲ አብዛኛውን ጊዜ የሚለያየው ውፍረት ነው፣ መረቡ ያለበት እግር ይቀጥናል፣ መወፈርም ያጋጥማል ግን ያነሰ ነው። ርዝመት ሲለያይም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ምንም ሳይደረግ ወይ ጫማ ውስጥ በሚገባ ከፍታ ይስተካከላል። ልጁ መሄድ ሲጀምር ግን የሕፃናት አጥንት ሐኪም ማየቱ ጥሩ ነው፣ አዲስ አበባ ኪዩር ሆስፒታል በዚ ላይ የሚሠራ ነው።

አማራጭ 3፦ አንድ ጊዜ ሙሉ ምርመራ፣ በጊዜ

ብር ካላችሁም ከሌላችሁም መጀመሪያ የሚሆነው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት የሚያልቅ ነገር ላይሆን ይችላል፣ ሪፈር፣ ወረፋ፣ መመላለስ አለው፣ ግን አንዴ በደንብ ከተሠራ ቀሪውን ጊዜ እንቅልፍ ይሰጣችኋል።

ሙሉ ስል ልጁ ዳይፐሩ ወልቆ ከራስ ቅሉ እስከ ጣቱ ጫፍ ይታያል ማለት ነው፣ እግሩን ብቻ ገልጦ ማየት አይደለም። የሚፈለጉት ነገሮች፦

ራስ ቅል ላይ ፀጉርም ቆዳም የጎደለበት ቦታ አለ ወይ፣ ጣቶቹ ሙሉ ናቸው ወይ። እነዚ ሁለቱ ከመረቡ ጋር አብረው ከመጡ አዳምስ ኦሊቨር የሚባል ነገር ሊሆን ይችላል፣ ያ ደሞ በቤተሰብ ሊተላለፍ ይችላል፣ ልብም መታየት አለበት።

ዓይን። መረቡ ፊት ወይ ግንባር ላይ ከሆነ ይሄ ቀጠሮ አይጠብቅም። የሕፃን ግላኮማ ምልክቶቹ እንባ ማፍሰስ፣ ብርሃን ሲያይ ዓይኑን መጨፈንና ማልቀስ፣ የዓይኑ ጥቁሩ ክፍል ትልቅ ሆኖ ወይ ጭጋግ ለብሶ መታየት ናቸው። "ትልልቅ ዓይን ያለው ቆንጆ ልጅ" የሚባልበት ልጅ አንዳንዴ ዓይኑ የተለቀው በግፊት ነው፣ እባካችሁ ይቺን አትርሷት። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው፣ ግፊት እንዲለካ ጠይቁ። ዓይን ከተጎዳ በኋላ አይመለስም፣ በጊዜ ከተያዘ ግን ይድናል።

እናትየው ሉፐስ ወይ ሾግረን የሚባል ሕመም ካለባት ወይ ኖሮባት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። የእናት ፀረ አካል ወደ ልጅ ተሻግሮ ቆዳ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሊያወጣ ይችላል፣ ዋናው አደጋ ደሞ ልብ ላይ ነው፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይፈልጋል።

ከዚ ውጪ ልጁ ደህና ከሆነ፣ ምልክቱም አንድ እግር ላይ ብቻ ከሆነ ኤም አር አይ፣ ሲቲ፣ የጂን ምርመራ ወዲያው መሠራት አለበት የሚል ሕግ የለም። ኤም አር አይ ለሕፃን ማስተኛ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ስለዚ "ለማንኛውም እንየው" በቂ ምክንያት አይደለም። የእግሩ ውፍረት በግልጽ ከተለያየ ወይ ያበጠ የደም ሥር ካለ ግን የደም ፍሰትን የሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ያለ ማደንዘዣ የሚሠራ፣ ቀላል፣ በቂ መጀመሪያ ነው።

የት? አዲስ አበባ አለርት የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው፣ ጥቁር አንበሳም የሕፃናትና የቆዳ ክፍል አለው። ወሎ ላላችሁ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ የታወቀ ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁ ወደ ቅርባችሁ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ፎቶዎቹንና የለካችሁትን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሰላሳ ሰው በኋላ የገባችሁበት ሐኪም ላይ ያ ደብተር ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

አማራጭ 4፦ ሌዘር

ብዙ ጥያቄ ያለው እዚ ላይ ስለሆነ ረዘም አርጌ ልበል። ለደም ሥር ምልክት የሚሠራው ፐልስድ ዳይ ሌዘር የሚባለው ነው፣ 595 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ብርሃን ነው፣ የደሙ ቀይ ቀለም ብርሃኑን መጦ ይሞቅና ቀጭኑን የደም ሥር ይዘጋል። ለፖርት ዋይን ስቴይን ዋናው ሕክምና እሱ ነው፣ እዛ ጋ በጊዜ መጀመሩም ይጠቅማል። ለሲኤምቲሲ ግን ውጤቱ ደካማና የማይገመት ነው። አንዳንዱ ትንሽ ይደበዝዝለታል፣ አንዳንዱ ምንም፣ አንዳንዱ ጠባሳና የቀለም መዛባት ይተርፈዋል። በራሱ ሊደበዝዝ የሚችል ነገር ላይ ለምን ይሄን እንደምትገቡበት አስቡት።

ጠይም ቆዳ ላይ ደሞ ሌላ ችግር አለ፦ የቆዳችን ቀለም ራሱ ብርሃኑን ይመጥጠዋል። ለደም ሥር የተላከው ሙቀት ከላይ ቀርቶ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዛ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ጥላ ጥሎ ይሄዳል። በጥሩ እጅና በጥሩ ማቀዝቀዣ መቀነስ ይቻላል ግን የለም ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ደሞ አያልቅም፣ በሳምንታት ልዩነት መደጋገም ይፈልጋል፣ ያማል፣ ሰፊ ቦታ ከሆነ ሙሉ ማደንዘዣ ሊባል ነው። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በፈረንጆች 2016 መጨረሻ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የተደጋገመ ወይም ከ3 ሰዓት በላይ የቆየ ማደንዘዣ እያደገ ባለ አንጎል ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። አስፈላጊ ቀዶ ሕክምናን አትተዉ ማለቱ ነው፣ ሊቆይ የሚችለውን ግን አቆዩት ማለቱም ነው።

ለኔ ልጅ ገና ጡት እየጠባች ሌዘር እንጀምር ተብሎ ነበር፣ ማሽኑ ምን ዓይነት ነው ብዬ ስጠይቅ ለፀጉር ማንሻ የሚጠቀሙበት መሆኑን ነገሩኝ። ሌዘር ሁሉ አንድ አይደለም። ስለዚ ማንም ሌዘር ሲላችሁ እነዚን ጠይቁ፦ የማሽኑ ዓይነትና የብርሃኑ ልክ ስንት ነው፣ ሲኤምቲሲ ያለበት ልጅ ሠርተው ያውቃሉ ወይ፣ የኛን ዓይነት ቆዳ ላይ የሠሩትን በፊትና በኋላ ማየት እንችላለን ወይ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረው ወራት ይጠብቃሉ ወይ። "አይ አያስፈልግም፣ እንጨርሰዋለን" ካሏችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አማራጭ 5፦ ፕሮፕራኖሎልና ቲሞሎል

ፕሮፕራኖሎል የልብ መድኃኒት ነው፣ ፈረንሳይ ቦርዶ ላይ ክርስቲን ሊዮቴ ላብሬዝ የምትባል ሐኪም ከቡድኗ ጋር በፈረንጆች 2008 ሄማንጂዮማ እንደሚያሟሽሽ አሳወቀች፣ ከዛ ወዲህ የብዙ ሕፃናትን ፊትና ዓይን አትርፏል። ቴሌግራም ላይ "ጠፋለት" የሚሉት እናቶች እውነታቸውን ነው፣ ልጃቸው ግን ሄማንጂዮማ ነበረበት። እዛ ጋ የሚያድግ፣ የሚባዛ ሴል አለ፣ መድኃኒቱ እሱን ያቆማል። የኛው ላይ የሚያድግ ነገር የለም፣ አሠራሩ ቀድሞ የተዛባ የደም ሥር ነው ያለው፣ ስለዚ የሚያቆመው ነገር አያገኝም። ጉዳቱ ግን ያው ነው፦ የልጅ የደም ስኳር ሊወርድ ይችላል፣ በተለይ ሳይበላ ከተሰጠው ወይ ሲታመም፣ የልብ ምቱ ሊቀንስ፣ ደረቱ ሊያፍን ይችላል። ያለ ሐኪም ክትትል ለሕፃን የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። የቆዳ ላይ ጠብታው ቲሞሎልም እንደዛው ለላይኛ ትንሽ ሄማንጂዮማ ነው። ለሲኤምቲሲ ሁለቱንም እለፏቸው።

አማራጭ 6፦ ክሬም፣ ቅቤ፣ ማሸት

ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ጎጂው እሱ ነው። ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል፣ የእነዚ ልጆች ቆዳ መስመሩ ላይ ቀድሞም ሳስቷል፣ ከሳሳ ደሞ ይቆስላል። ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ጨርሶ አይታሰብ። ቅቤና ቫዝሊን መረቡን አያጠፉም፣ ንጹሕ ቫዝሊን ቆዳው እንዳይደርቅ ይረዳል፣ ቅቤ ግን በተለይ የቆሰለ ቦታ ላይ አይደረግ። አያቶች ገላ ሲያጥቡ ማሸት ይወዳሉ፣ ቀስ ያለ ከሆነ ችግር የለውም፣ መረቡን ለማጥፋት ተብሎ በኃይል ከሆነ ግን "እማዬ፣ ይቺን እግር ለኔ ተዪልኝ" በሏቸው። ጠበል ማስጠመቅ፣ በ40 ወይ በ80 ቀኑ ክርስትና ማስነሳት ምንም አይከለከልም፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ መረቡ ለጊዜው ይደምቃል፣ እሱ አያስደንግጣችሁ፣ ቶሎ አድርቃችሁ አልብሱት።

ቁስል ከወጣ ግን ጨዋታው ሌላ ነው፦ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ቫዝሊን፣ የማይጣበቅ ፋሻ፣ በዛው ቀን ሐኪም። ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ላይ ጠባብ ካልሲ አታድርጉ።

አማራጭ 7፦ መሸፈኛ ሜካፕ

ለሕፃን አይደለም፣ አድጎ ራሱ ከፈለገ ነው። ውሃ የማያስለቅቀው፣ ከቆዳ ቀለም ጋር የሚቀላቀል መሸፈኛ አለ፣ ማደንዘዣም ጠባሳም የለውም። ትምህርት ቤት ለልጅ የሚከብደው ጊዜ ሲመጣ ከሌዘር በፊት ይሄን ሞክሩ።

ባጭሩ ለማየት

| አማራጭ | የሚጠብቀው | ለሲኤምቲሲ ይሠራል? | ጉዳት | መቆየት ይችላል? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ዝም ብሎ መተው | ምንም | መረቡ በራሱ ሊደበዝዝ ይችላል | ዓይንና እግር ሊያመልጥ ይችላል | አይመከርም | የለም |
| እየለኩ መጠበቅ | እግር፣ ጭንቅላት፣ ቁስል | አዎ | የለም | ከተወለደ ጀምሮ | ሜትርና ስልክ |
| ሙሉ ምርመራ | ዓይን፣ ልብ፣ እግር | አዎ፣ ዋናው ነው | እጅግ ትንሽ | አይችልም፣ ፊት ላይ ከሆነ አስቸኳይ | መካከለኛ፣ በሪፈር ይቀንሳል |
| ሌዘር | መልክ ብቻ | ደካማ፣ የማይገመት | ጠባሳ፣ ቀለም መዛባት፣ ማደንዘዣ | አዎ፣ ለዓመታት | ከፍተኛ፣ ተደጋጋሚ |
| ፕሮፕራኖሎል፣ ቲሞሎል | ሄማንጂዮማ | አይሠራም | ስኳር መውረድ፣ የልብ ምት መቀነስ | አያስፈልግም | ክትትል ይፈልጋል |
| ስቴሮይድ ክሬም | ምንም | አይሠራም | ቆዳ ማሳሳት | አያስፈልግም | ትንሽ፣ ግን ብክነት |
| መሸፈኛ ሜካፕ | መልክ | ይሸፍናል፣ አያክምም | ትንሽ | ልጁ እስኪያድግ | ትንሽ |

እንግዲህ እናንተ የቱ ናችሁ?

እጃችሁ ያጠረ ከሆነ፦ የማህበረሰብ ጤና መድህን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ሪፈር ወረቀት ሳትይዙ ትልቁ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪስ ትከፍላላችሁ። ብሩ አንድ ስፔሻሊስት ብቻ የሚያደርስ ከሆነ፣ መረቡ ፊት ላይ ሲሆን ለዓይን፣ እግር ላይ ሲሆን ለቆዳ ወይ ለሕፃናት ሐኪም ይሁን። ቀሪው በሜትርና በደብተር ይሄዳል።

የግል ክሊኒክ አቅም ካላችሁ፦ አቅሙ ወደ ሌዘር ይስባችኋል፣ ያንን ብር ለዓይን ግፊት ምርመራ፣ ለዶፕለርና ለሁለተኛ ሐኪም አስተያየት አውሉት። ከዛ የተረፈው ይቀመጥ።

ገጠር ወይ ከከተማ የራቃችሁ፦ ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ሞቆትም በርዶትም እያለ አንስታችሁ በጤና ባለሙያችሁ በኩል ለቆዳ ሐኪም እንዲታይ ጠይቁ። መንገድ ማስነሳት ያለበት የሚከተለው ነው፦ ፊት ላይ ያለ መረብ፣ የዓይን ምልክት፣ ቁስል፣ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም፣ የራስ ቅል ቆዳ ወይ ጣት መጉደል፣ ጭንቅላት ከመጠን በላይ ማደግ፣ እግሮቹ በዓይን እስኪታይ ድረስ መለያየት። ከነዚ አንዱም ከሌለ ለቀጣዩ ክትባት መድረስ ይችላል።

አሜሪካ ያላችሁ፦ የሕፃናት ሐኪማችሁን የሕፃናት ደርማቶሎጂስት ሪፈር ጠይቁ፣ ትልልቅ የልጆች ሆስፒታሎች ለደም ሥር ምልክት ብቻ የተቋቋመ ክሊኒክ አላቸው፣ ቆዳ፣ ዓይንና አጥንት ባንድ ቀን ሊያዩላችሁ ይችላሉ። የፌዴራል ብር የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ ትልቁን ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ሌዘር ከታሰበ ኢንሹራንሱ "ለመልክ ነው" ብሎ ሊመልስ ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፍ።

እስራኤል ያላችሁ፦ ጢፓት ሐላብ ስትሄዱ ነርሷ እንድትለካና እንድትጽፍ ንገሯት፣ ከዛ በቁፓት ሖሊም በኩል ለቆዳና ለዓይን ሐኪም ማመልከቻ አውጡ።

ልጃችሁ 3 ወይ 4 ዓመት አልፎት መረቡ ገና ያለ እና ዓይንና እግሩ ደህና የሆነ፦ አሁን ስለ ሌዘር ለመጠየቅ ጊዜው ነው፣ ቆዳው ምን ያህል በራሱ እንደደበዘዘ ፎቶዎቻችሁ ይነግሯችኋል፣ ሐኪሙም ከነሱ ተነስቶ ይመክራችኋል። ትንሽ ቦታ ላይ ሙከራ፣ ወራት ጥበቃ፣ ከዛ ውሳኔ። ልጁ ራሱ መናገር ከቻለ ደሞ ይጠየቅ። የኔዋ እግሯን ስትጠየቅ "ካርታዬ ነው" ትላለች፣ እሷ እስካልከበዳት ድረስ ሌዘሩን አላነሳሁትም።